ከቆጋ እስከ ቦሌ፦ በአየር ጉዞ ጊዜና ገንዘብ የሚተርፍበት መንገድ

የአውሮፕላን ጉዞ ወጪ ትኬቱ ላይ ከሰፈረው ዋጋ ሁልጊዜ ይበልጣል። ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያ የሚከፈለው የትራንስፖርት ሒሳብ፣ ከተፈቀደው ኪሎ ላለፈ ዕቃ የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ፣ ቀን ለማስቀየር የሚቆረጠው ቅጣት፣ በረራ ያመለጠው ሰው በማያውቀው ከተማ የሚከራየው አልጋ፣ ሥራ ተፈትቶ የሚውለው ቀን አንድ ላይ ሲደመሩ የትኬቱን ዋጋ የሚስተካከሉበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ ወጪዎች አብዛኞቹ የሚወሰኑት ደግሞ ተሳፋሪው ኤርፖርት ከመድረሱ በፊት ነው፤ ትኬት ሲቆርጥ፣ ሻንጣ ሲያዘጋጅ፣ ሰዓት ሲቆጥር። ቁጠባውም የሚጀምረው ከዚያው ከቤት ነው።

የቆጋ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ቆጋ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው መራዊ ከተማ አጠገብ፣ በሜጫ አካባቢ የሚፈስ ወንዝ ነው። ወንዙ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል። በወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዛል፤ ቦዮቹ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጡ ተዘርግተዋል። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያመርተው ገበሬ፣ ሽንኩርትና ድንች የሚያስጭነው ነጋዴ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ታማሚ፣ ለሥራ ዓረብ አገር የምትሄደው ወጣት፣ ለሠርግ ከአሜሪካ የመጣው ዘመድ፣ መብረር ሲያሻቸው ሁሉም የሚያልፉት በአንድ በር ነው፤ በባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ።

ማረፊያው ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከመራዊ ለሚመጣ ሰው ከመሀል ከተማው ይልቅ ይቀርበዋል። ከወረታና ከደብረ ታቦር በኩል የሚመጣው ግን መጀመሪያ ዓባይን መሻገር፣ ከዚያም ከተማዋን ማቋረጥ አለበት፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በዚህ አቅጣጫ ያለውን መንገድ አቅልሎለታል።

አውቶቡስ ወይስ አውሮፕላን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። ባሕር ዳር ከጎንደር፣ ከላሊበላና ከአክሱም ጋር የአገር ጎብኚዎች መስመር በመሆን ለረጅም ጊዜ ስትታወቅ ኖራለች። ዛሬ በዚህ መስመር ላይ ከጎብኚው ጎን የሚሰለፈው ለሕክምና፣ ለጉዳይና ለንግድ የሚመላለሰው የአካባቢው ሰው ነው።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር 320 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመኪና ግን በሞጣ ወይም በደብረ ማርቆስ እንደሚታለፈው መንገድ ርቀቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በታችም በላይም ይሆናል፤ በሁለቱም በኩል ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ መውረድና መውጣት ግድ ነው። አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ተነሥቶ መንገድ ላይ ይውላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የመንገዱን ነገር እርግጠኛ ሊሆኑበት የማይቻል አድርጎታል፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። በዚያው ክረምት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎችም ለቀናት ተቋርጠው ነበር። ስለዚህ ቁርጥ ቀጠሮ ያለው ሰው፣ የሆስፒታልም ይሁን የኤምባሲ፣ ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መግባቱ ያዋጣዋል። ለአንድ ሌሊት አልጋ የሚከፈለው ወጪ ወራት የተጠበቀ ቀጠሮ ከማጣት ይሻላል።

የትኛው እንደሚያዋጣ ለማወቅ ትኬትን ከትኬት ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። በአውቶቡሱ በኩል የመንገድ ላይ ምግብ፣ አዲስ አበባ መሽቶ ሲገባ የሚያዝ አልጋ፣ ለመሄድና ለመመለስ የሚጠፉ ሁለት የሥራ ቀናት ይታሰባሉ። በአውሮፕላኑ በኩል ከመራዊ እስከ ማረፊያው የሚወሰደው መኪና፣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ በቦሌ ሻንጣ መጠበቅና የከተማው ታክሲ ይታሰባሉ። አንድ ሰዓት የሚባለው በረራ ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር አምስት ሰዓት ያህል ይሆናል። ከባድ ዕቃ ለሌለው፣ ቀኑ ገንዘብ ለሆነበት ነጋዴና መቀመጥ ለሚከብደው ታማሚ አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ብዙ ኩንታል ለያዘና ቀን ለማይቆጥር ሰው ግን አውቶቡሱ ይሻላል።

ትኬቱ

በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። አየር መንገዶች ወንበሮቻቸውን በተለያዩ የዋጋ ደረጃዎች ይከፋፍላሉ፤ ርካሾቹ ተሸጠው ሲያልቁ ቀጣዩ ገዢ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገፋል። ቀድሞ መቁረጥ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ በዘመን መለወጫ፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን፣ እንዲሁም ሠርግ በሚበዛባቸው በጥርና በሚያዝያ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የሚበረው ሰው ስለሚበዛ ርካሹ ወንበር ቶሎ ያልቃል። ቀኑን ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ከበዓሉ ዋዜማ ይልቅ ሦስትና አራት ቀን ቀደም ማለት፣ ከዓርብና ከእሑድ ይልቅ የሳምንቱን አጋማሽ መምረጥ ይገባዋል።

የአገር ውስጥ ትኬት በአየር መንገዱ ቢሮ፣ በጉዞ ወኪል ወይም በአየር መንገዱ የስልክ መተግበሪያ ይገዛል፤ ክፍያውም በባንክ ወይም እንደ ቴሌብር ባሉ የሞባይል ገንዘብ መንገዶች ይፈጸማል። ከመራዊ ባሕር ዳር ድረስ ለትኬት ብቻ ተመላልሶ የትራንስፖርት ገንዘብና ግማሽ ቀን ማጥፋት ዛሬ አስፈላጊ አይደለም። ሆኖም በስልክ መግዛት ከሐሰተኛ ሻጭ መጠንቀቅን ይጠይቃል። ትክክለኛ ትኬት ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ መያዣ ኮድ ይኖረዋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ቁጥርም በ071 የሚጀምር ባለ 13 አሃዝ ነው። በደላላ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ትኬት የተላከለት ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ኮዱን በመተግበሪያው አስገብቶ ስሙንና ቀኑን ማየት፣ ወይም የአየር መንገዱን የጥሪ ማእከል ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ኮዱን ለማሳየት ከሚያንገራግር ሻጭ መግዛት አይገባም።

የስም ጉዳይም ብዙ ያስወጣል። ትኬት ላይ የሚሰፍረው ስም በፓስፖርቱ ወይም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር በላቲን ፊደሉ ጭምር መመሳሰል አለበት። የአባትና የአያት ስም ቦታ ሲለዋወጥ፣ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ የሆነ ፊደል ሌላው ላይ ሁለት ሲሆን፣ ተሳፋሪው የቼክ ኢን መስኮት ላይ ይቆማል፤ ማስተካከያውም ጊዜ፣ አንዳንዴም ገንዘብ ይጠይቃል። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ወይም ወንድም የመታወቂያውን ፎቶ ፊቱ አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማየቱ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራ የመጣ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራውን በቅናሽ ማግኘት ይችላል፤ ስለዚህ የባሕር ዳሩን ትኬት ሲገዛ የዓለም አቀፉን ትኬት ቁጥር ማቅረብ አለበት።

ወደ ውጭ ለሚሄደው ትልቁ ጥያቄ ሁለት ትኬት ይቁረጥ ወይስ አንድ የሚለው ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ትኬት፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሌላ ትኬት መቁረጥ አንዳንዴ ርካሽ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ከባሕር ዳር የተነሣው አውሮፕላን በአየር ጠባይ ቢዘገይና የቦሌው በረራ ቢያመልጥ፣ በተለያየ ትኬት የሚሄደው ሰው ሁለተኛውን ትኬት ሊያጣ ይችላል። ከባሕር ዳር እስከ መድረሻው በአንድ ትኬት የሚሄደውን ግን ወደሚቀጥለው በረራ የማዛወሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። የሻንጣውም ልክ ይለያያል። የአገር ውስጥ ተሳፋሪ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቀድለት 20 ኪሎ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የአየር መንገዱ ዓለም አቀፍ መስመሮች ግን እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ። በአንድ ትኬት የሚሄድ ሰው ከባሕር ዳር ጀምሮ በዓለም አቀፉ ልክ ይስተናገዳል፤ በሁለት ትኬት የሚሄደው 46 ኪሎ ይዞ ቢመጣ ለ26 ኪሎ ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ በዶላር የሚተመን ዓለም አቀፍ ትኬት ስለከበደ እንዲህ ያለው ስሕተት ከቀድሞው ይልቅ ያስከፍላል።

ሰዓቱና ቀኑ

ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጆች ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት አንሥቶ ለሚቆጥር ሰው ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት በረራ የሚያስመልጥ ነው። ትኬቱ ላይ 07፡10 የሚል ቢጻፍ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ማለት ነው። ቁጥሩን እንዳለ አንብቦ በቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ለመብረር የሚመጣ ሰው ኤርፖርት ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል። 13፡30 ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል፣ 19፡30 ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከትኬቱ ሰዓት ላይ ስድስት መቀነስ፣ የቀረው 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነም ሌላ 12 መቀነስ። ትኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሰባት ካነሰ ስድስት በመቀነስ ፋንታ ስድስት መደመር ያስፈልጋል።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በረራ ከሁሉ ይከፋል። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ከቦሌ የሚነሡት በምሽትና በእኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00፡45 የሚል ከሆነ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ማለት ነው። ተሳፋሪው ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ከ3 ሰዓት ከ45 በፊት ነው። ማክሰኞ ማታ የሚመጣው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል፤ የቪዛው ቀን ተቆጥሮ የተሰጠው ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከትኬቱ ያልፋል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ግን ከመስከረም እስከ የካቲት ማለቂያ አካባቢ ድረስ አንድ ቀን ይገፋል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። ለበዓል የሚጓዝ ሰው ቀኑን በልማድ ከመገመት ይልቅ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር በሚያሳይ መቁጠሪያ ላይ ማየት አለበት።

የሰዓት ምርጫ ራሱ ገንዘብ ነው። የማለዳ በረራ ትኬቱ ቢረክስ እንኳ ከመራዊ ለሚነሣ ሰው ሌላ ወጪ ሊያመጣ ይችላል። ለ1 ሰዓት ከ10 በረራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማረፊያው በር ላይ መገኘት ያስፈልጋል፤ ይህም በጨለማ ከመራዊ መነሣት ማለት ነው። የሌሊት ጉዞ በማያስተማምንበት ጊዜ ባሕር ዳር ማደር ግድ ይሆናል፤ ያኔ የአልጋው ዋጋ ትኬቱ ላይ ይደመራል። ረፋድ ላይ የሚነሣው በረራ በትንሹ ቢወደድም ለቆጋ ሰው ሊረክስ ይችላል። በክረምት ግን ሌላ ነገር ይታሰባል፤ ነጎድጓድና ከባድ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ ከቦሌ ተነሥቶ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ከባሕር ዳር ቀደም ባለው በረራ መውጣቱ ይመረጣል።

ሻንጣው

ኪሎ የሚመዘነው ቤት ውስጥ ነው። መራዊ ላይ በየእህል መደብሩ ሚዛን አለ፤ ሻንጣውን እዚያ ማስመዘን ደቂቃዎች ይፈጃል። ያልተመዘነ ሻንጣ ግን የቼክ ኢን መስኮት ፊት ይፈታል፤ ሰልፉ ቆሞ እያየ ሽሮውና በርበሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ የተረፈው ይከፈልበታል ወይም ለሸኚ ይመለሳል። ጠንካራ ባለ ጎማ ሻንጣ ባዶውን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ስለሚመዝን 20 ኪሎ ብቻ ለተፈቀደለት የአገር ውስጥ ተሳፋሪ ቀላል የጨርቅ ሻንጣ ይሻለዋል።

በእጅ የሚያዘው አንድ ቦርሳ በኢኮኖሚ ክፍል 7 ኪሎ ድረስ ነው። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠማሩት ባለ ሁለት ሞተር ዳሽ 8 አውሮፕላኖች ከወንበር በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫቸው ጠባብ ስለሆነ ባለ ጎማ ቦርሳ በር ላይ ተወስዶ ከታች ሊጫን ይችላል። ገንዘብ፣ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የሐኪም ወረቀትና የስልክ ባትሪ መሙያ ግን ከእጅ መለየት የለባቸውም። ተንቀሳቃሽ ባትሪ ወደ ታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ ከተገኘ ሻንጣው ይከፈታል፣ ባለቤቱም ይጠራል።

ማር፣ ቅቤና ዘይት በእጅ ቦርሳ ተይዘው ወደ ዓለም አቀፍ በረራ አይገቡም። ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ሁሉ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ተደርጎ በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት መያዝ አለበት፤ ይህ ሕግ በዓለም የተስፋፋው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ለንደን ላይ ፈሳሽ ፈንጂ በአውሮፕላን የማስገባት ሤራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። ማሩ በሁለት ፌስታል ታስሮ በሚጫነው ሻንጣ መሀል፣ በልብስ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይሻላል። ወደ አውሮፓ ቋንጣና ቅቤ ማስገባት አይፈቀድም፤ አሜሪካም ሥጋ ነክ ነገሮችን ትከለክላለች። በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ የያዘ ሰው አሜሪካ ሲደርስ የምግብ ዕቃ መያዙን በቅጹ ላይ ወይም በቃል ማሳወቅ አለበት፤ ያሳወቀ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀው ግን ይቀጣል። እንግሊዝና አሜሪካ ጫትን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ስለሚቆጥሩት ይዞ መገኘት በወንጀል ያስጠይቃል። ውስጡን ያላየውን የሰው መልእክት ዕቃ የሚቀበል ተሳፋሪ ነጻነቱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ የጎረቤትም፣ የዘመድም ቢሆን ተፈትቶ ካልታየ አለመያዝ ነው።

ለአዲስ አበባ ቤተሰብ የሚላክ ጤፍ፣ ድንችና ሽንኩርት በአውሮፕላን ተጨማሪ ኪሎ ከመክፈል ይልቅ መንገዱ ሰላም ሲሆን በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ቢላክ በጣም ይረክሳል።

ፍተሻው

በባሕር ዳር ማረፊያ ማለዳ ላይ ጋቢ የደረቡ አባቶች፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ላፕቶፕ ያነገቱ ባለሙያዎችና ሕፃን ያዘሉ ወጣቶች በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ሰልፉን የሚያስረዝመው ከሰው ብዛት ይልቅ የዝግጅት ጉድለት ነው። ቀበቶ፣ ጫማ፣ ሰዓት፣ ሳንቲም፣ የአንገት መስቀልና ስልክ በየተራ ሲታወሱና እየተመለሱ ሲፈተሹ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። መፈተሻው ጋ ከመድረስ በፊት እነዚህን ሁሉ አውጥቶ ትንንሾቹን በቦርሳ ወይም በጃኬት ኪስ ከትቶ ማሳለፍ የራስንም የሌላውንም ጊዜ ይቆጥባል። ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ሲገባ፣ ሌላው ወደ መሳፈሪያው አዳራሽ ሲታለፍ። መታወቂያና ትኬት ከላይኛው ኪስ ይሁኑ።

ቀድሞ በስልክ ቼክ ኢን ያደረገና የሚጫን ሻንጣ የሌለው ሰው የቼክ ኢን መስኮቱን ሰልፍ ሊያልፈው ይችላል። ቼክ ኢን በቤት መደረጉ ግን ቀድሞ የመገኘትን ግዴታ አያስቀርም፤ የቼክ ኢን መስኮቱም የመሳፈሪያው በርም ከመነሻው ሰዓት አስቀድመው ይዘጋሉ። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት፣ ለዓለም አቀፍ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሰዓት መቅደም የተለመደ ነው።

ሽኝትም ወጪ አለው። ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ለመሸኘት ቤተሰብ ሚኒባስ ተከራይቶ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሸኚው ግን ወደ ውስጥ ስለማይገባ በር ላይ ቀርቶ ይመለሳል። ምርቃቱና ስንብቱ ቤት ተደርጎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ቢሸኝ፣ ለመኪናው የሚከፈለው ገንዘብ ለልጅቷ የመንገድ ስንቅ ይሆናል።

ቦሌ

የቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ተርሚናል ሁለት በ1995 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ አስችሎታል። የአገር ውስጡ በረራ የሚስተናገደው በሌላው ተርሚናል ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከባሕር ዳር መጥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ስለሚደርስ ታክሲ መያዝ አያስፈልገውም። ሻንጣው ላይ በባሕር ዳር የተለጠፈው ወረቀት የመጨረሻውን መድረሻ ካሳየ ሻንጣውን ቦሌ ላይ መጠበቅ የለበትም፤ አዲስ አበባን ካሳየ ግን ተቀብሎ እንደገና ማስገባት አለበት። ይህን ባሕር ዳር ከቼክ ኢን መስኮቱ ሳይለቁ መጠየቅ ይገባል።

በአንድ ትኬት ተጉዞ በቦሌ ከ8 እስከ 24 ሰዓት የሚጠብቅ መንገደኛ እንደ ትኬቱ ዓይነት በአየር መንገዱ ሆቴል ሊያገኝ ይችላል። መብቱ መኖሩን ትኬት ሲቆረጥ መጠየቅ የአንድ ሌሊት አልጋና የታክሲ ወጪ ያድናል። በሁለት የተለያየ ትኬት የሚሄደው ይህን ዕድል ብዙውን ጊዜ ያጣል።

ወደ ከተማ የሚወጣ ሰው በር ላይ ከሚጠራው የመጀመሪያ ታክሲ ጋር ከመነጋገሩ በፊት እንደ ራይድና ፈረስ ባሉት የስልክ ጥሪ አገልግሎቶች ዋጋውን ቢያይ የመደራደሪያ ልክ ያገኛል። ሻንጣው ቀላል የሆነ ሰው እስከ ዋናው የቦሌ መንገድ ወጥቶ በሚኒባስ ታክሲ መሄድ ይችላል። በኤርፖርት ውስጥ ምግብና ውኃ ከከተማው ይወደዳሉ፤ ዳቦ፣ ቆሎና ደረቅ ምግብ በፍተሻ ስለሚያልፉ ከቤት ቢያዙ ያዋጣል።

ከቆጋ ወደ አዲስ አበባ የሚደረግ ጉዞ ሁሉ አስፈላጊ ላይሆንም ይችላል። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ለፓስፖርት ሲባል ብቻ አዲስ አበባ መብረር አያስፈልግም። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሚሰጡትን ሕክምናም ሪፈር ከመጻፉ በፊት ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ታማሚ፣ አረጋዊና ሕፃን

መራመድ የሚከብደው ተሳፋሪ ትኬት ሲቆረጥለት ተሽከርካሪ ወንበር ቢጠየቅለት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል፤ ከበረራው ሁለት ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ ይመረጣል። ረዳቱ ሠራተኛ በፍተሻውና በመሳፈሪያው ስለሚመራው ከፍተኛ ድካምና ጊዜ ይቀርለታል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ወይም እርግዝናዋ የገፋ ተሳፋሪ የሐኪም ወረቀት ካልያዘ ከቼክ ኢን መስኮት ሊመለስ ይችላል፤ ወረቀቱ ከጉዞው ቀን በፊት ይጻፍ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በእናቱ ጭን ስለሚቀመጥ የሚከፈልለት ከአዋቂው ዋጋ ትንሹ ክፍል ነው፤ ነገር ግን እሱም ትኬትና የልደት ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ሲዘገይና ሲጠፋ

ሻንጣ ያልመጣለት ሰው ከአዳራሹ ሳይወጣ እዚያው ለጠፋ ሻንጣ ቢሮ ማስመዝገብና የተሰጠውን ወረቀት መያዝ አለበት። ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ ጉዞ ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ ሻንጣውን ከተረከቡ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይገባል፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ይቀራል። ከባሕር ዳር የተነሣው የአገር ውስጥ በረራ የዓለም አቀፉ ትኬት አካል ከሆነ ይኸው ስምምነት ያካትተዋል። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ተነሥቶ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ የትኛውም አየር መንገድ ቢያመጣው በኅብረቱ ሕግ ይጠበቃል፤ በአየር መንገዱ ጥፋት ለተፈጠረ ረጅም መዘግየት በሩቅ ጉዞ እስከ 600 ዩሮ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ሁሉ የመሳፈሪያ ወረቀቱንና የሻንጣውን ቁራጭ ወረቀት እስከ መጨረሻው አለመጣል ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ሳያስከፍሉ ብዙ የሚያድኑ አራት ነገሮች አሉ፤ ሰዓቱንና ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ መጻፍ፣ ስሙን ከሰነዱ ጋር ማመሳከር፣ ሻንጣውን ቤት ማስመዘን፣ ወደ ውጭ ሲኬድም እስከ መድረሻው አንድ ትኬት መቁረጥ። ትኬት ሻጭ ቢሮዎችና ወኪሎች በእያንዳንዱ ትኬት ላይ የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን በአማርኛ ጽፈው ቢሰጡ፣ ብዙ ሰው በረራ አያመልጠውም። ያ እስኪሆን ድረስ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ትኬት የሚቆርጥ ልጅ ሁሉ ይህን በገዛ እጁ ጽፎ ይስጣቸው።